«ሐተታ»ን ያነበቡ ምን አሉ? የመንጌ አንባቢስ ምን ይላል?

ስለ አላህ (ሱ.ወ) መኖርና ስለ እውነት ምንነት የሚያወሱ ኪታቦች ለሙስሊሙ ቤት እንግዳ አይደሉም። የዐቂዳ ቂርአት ያለፈበት ደረሳ ሁሉ «ዓለም ፈጣሪ እንዳላት በምን ታውቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። ዛሬ የምናነሳት መጽሐፍ ግን ከእነዚያ ወገን አይደለችም። ጸሐፊዋ ሙስሊም አይደለም። ክርስቲያኑንም፣ አይሁዱንም፣ ሙስሊሙንም በየተራ ይነቅፋል። ሆኖም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚያወራው ስለ አንድ ፈጣሪ ነው።

መጽሐፏ «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» ትባላለች። በግዕዝ የተጻፈች፣ ከዙህር እስከ ዐስር ተነብባ የምታልቅ ትንሽ ጽሑፍ ናት። ትንሽ ብትሆንም ከአዲስ አበባ እስከ ፓሪስ ያነበቧትን ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ስታከራክር ኖራለች። ስለ እሷ ብዙ ተብሏል፤ ከሙስሊሙ አንባቢ ወገን የተባለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለማንሳት ወደድን። ከአሶሳ ወደ ሰሜን፣ በመንጌ የሚኖር አንድ ሙስሊም አባት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጁ ይህችን መጽሐፍ ይዞ ቤት ቢመጣ ምን ይለዋል? መንጌን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፏ ሙስሊሙን ከምትወቅስባቸው ነገሮች አንዱ የቤኒሻንጉልን ምድር በቀጥታ ይነካል።

በቅድሚያ ታሪኩን በአጭሩ እናውሳ። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ እንደሚተርከው በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ቤት በ1592 ዓ.ም ተወለደ። ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍት ትርጓሜውን ተምሮ በአክሱም መምህር ሆነ። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ በሁለት የተከፈለበት ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ሲያስተምር «ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያኑ ደግሞ እንዲህ ይላሉ» ይል ነበር እንጂ ለአንዱ ወገን አያዳላም። በዚህም ሁለቱም ጠሉት። አንድ ቄስ ለንጉሡ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና የዳዊት መዝሙሩን ይዞ በሌሊት ሸሸና በተከዜ ወንዝ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ንጉሡ ሲሞቱ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፤ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። በስተእርጅናው ተማሪው ወልደ ሕይወት «የሕይወትህን ነገር ጻፍልኝ» ብሎ ቢለምነው በ1660 ዓ.ም ይህን ሐተታ ጻፈ።

በዋሻው ውስጥ ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሁሉም «እውነቱ የእኔ ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው» ይላል። በመካከላቸው ማን ይፍረድ? ፈራጅ የሚሆነውስ ሰው ራሱ ከአንዱ ወገን አይደለምን? ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሥሩ ወረደ። የምጸልይለት አምላክ አለን? እኔን ማን ፈጠረኝ? ወላጆቼ ብል እነሱም ወላጅ አላቸው፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ካልቆመ መቆሚያ የለውም። ፈጣሪው ማስተዋልን የሰጠ ነውና ራሱ አስተዋይ መሆን አለበት። ሰው ደግሞ ይህን የሚያውቀው ፈጣሪው በሰጠው የልቡና ብርሃን ነው አለ።

ለሙስሊሙ አንባቢ ይህ ክፍል እንደ ዘመድ ድምፅ ነው። በሱረቱል አንዓም ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ኮከቡን፣ ጨረቃውን፣ ፀሐዩን አይተው የሚጠልቅ ነገር ጌታ ሊሆን እንደማይችል ለወገኖቻቸው ያስረዱበትን ታሪክ ልጆቻችን ያውቁታል። ኢማም ገዛሊም (ረሒመሁላህ) በባግዳድ ታላቁ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ በዓይናቸው የሚያዩትን እንኳ እስከ መጠራጠር ደርሰው ሁለት ወር ያህል እንደቆዩ ጽፈዋል። ከዚያ ያወጣቸው የማስረጃ ክምር ሳይሆን አላህ በደረታቸው ውስጥ የጣለው ብርሃን እንደነበር መስክረዋል። በ1185 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአንደሉሱ ኢብኑ ጡፈይል ደግሞ «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» በተባለ ድርሰቱ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ሚዳቋ ያሳደገችውን ሕፃን ታሪክ ጽፏል። ሚዳቋዋ ስትሞት ልጁ ደረቷን ከፍቶ «ከዚህ ውስጥ ወጥቶ የሄደው ምንድን ነው?» ብሎ ይመረምራል፤ ከዚያች ጥያቄ ተነሥቶ ማንም ሳያስተምረው አንድ ፈጣሪ መኖሩን ያውቃል። ለመምህራን አንድ አሳብ ጣል እናድርግ፦ ሁለቱን ድርሰቶች ጎን ለጎን ማስነበብ ለወጣቱ ከአሥር ስብከት ይጠቅመዋል።

መለያያው ግን ሩቅ አይደለም። ኢብኑ ጡፈይል ሐይን በመጨረሻ በነቢይ የመጣ ሃይማኖት ካለው ሰው ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለቱ ሲነጋገሩ በዐቅል የተገኘውና በወሕይ የመጣው አንድ ሆኖ ያገኙታል። ዘርዐ ያዕቆብ እዚያ አይደርስም። ለእሱ በመጻሕፍት ውስጥ ያለው ሁሉ በልቡና ሚዛን ይመዘናል፤ ሚዛኑን ያላለፈው የሰው ጭማሪ ነው። ነቢይነትን በዚህ መንገድ የሚመዝን ሰው ከሙስሊሙ ጋር ሊስማማ አይችልም፤ ልዩነቱን ሸፋፍነን ማለፍ አንፈልግም። ያም ሆኖ ሰውየው አምላክ የለሽ አይደለም። እስኪሞት ድረስ የሚጸልይ፣ ማልዶ ተነሥቶ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው ነው። ስሙን ብቻ ሰምተው «ካሃዲ ነው» የሚሉትም፣ «ሃይማኖት አያስፈልግም ብሏል» ብለው የሚመኩበትም መጽሐፉን በደንብ ያነበቡት አይመስለንም።

እስቲ አሁን ወደ አንባቢዎቹ እንምጣ። ጽሑፉን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው በጋይንት ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አግኝቼዋለሁ ብሎ ለፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። ዛሬ ብራናዎቹ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1904 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመ፤ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎችም ከአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ነፃ አሳቢ ተገኘ ብለው አደነቁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «ይህን የጻፈው ሐበሻ ሳይሆን ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ብሎ ተነሣ። ከአንድ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን የተሰማን ወሬ ምስክር አደረገ፤ የሚሲዮናዊው የልጅነት ስም ያዕቆብ (ጃኮፖ) መሆኑንም ጠቀሰ። በ1934 ሚትቮክ ይህንኑ ደገመ። ከዚያ በኋላ መጽሐፏ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ተረሳች።

ያነሣት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ናቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥራዞች የመምህሩንና የተማሪውን የወልደ ሕይወትን አጻጻፍ አነጻጽረው የሁለት ሰው እጅ ነው፣ ጽሑፉም የኢትዮጵያ ነው ብለው ተከራከሩ። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በበኩላቸው መጀመሪያ የፈረንጅ ሥራ ነው ባዮች ነበሩ፤ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. አሳባቸውን ለውጠው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ጻፉ። በአንጻሩ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን በ2013 ባወጣችው ጥናት ወደ ሚሲዮናዊው ታደላለች። ከእሱ እጅ ያልወጣ የቆየ ቅጂ አለመገኘቱ ዛሬም ለጥርጣሬው ትልቁ ምርኩዝ ነው። በ2022 በኦክስፎርድ ጉባኤ ተደርጎበታል፤ በ2023ም አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል። ክርክሩ አላለቀም።

የአገራችን አንባቢ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። አንዱ ወገን «ከዴካርት ጋር እኩል ዘመን የሚቆም ፈላስፋ ነበረን» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ሌላው፣ መጽሐፉ በመነኮሳትና በጾም ላይ የሚናገረው አስቆጥቶት፣ «ይህ የእኛ ሰው ሊሆን አይችልም» ይላል። በሁለቱም ዘንድ ያስተዋልነው ነገር አለ። ክርክሩ ሁልጊዜ «ማን ጻፈው?» በሚለው ላይ ይቀራል። «ያለው እውነት ነው ወይ?» ወደሚለው የሚሻገር ጥቂት ነው። የሰው ማንነት ሳይጣራ ቃሉ አይመዘንም የሚል ልማድ ለሐዲስ ሰነድ ይሠራል፤ ለክርክር ግን አይሠራም። ክርክር በራሱ እግር ነው የሚቆመው።

ሙስሊሙን አንባቢ የሚያስቆሙት ቦታዎች ሦስት ያህል ናቸው። በሁለቱ ላይ ብዙ አንቆይም። ሰው በተወሰነ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ የፈጣሪ ትእዛዝ ሊሆን አይችልም ይላል፤ ረመዳንን የጾመ ሰው መልሱን በሆዱም በልቡም ያውቀዋል። ከአንድ በላይ ማግባትን ደግሞ ወንድና ሴት በእኩል ቁጥር ይወለዳሉና ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር አይሄድም ብሎ ይነቅፋል። ይህ ክብደት ያለው ክርክር ነው፤ ቁርኣንም ፈቃዱን በፍትሕ ማሰሩን፣ ፍትሑን ያልቻለ በአንዲት ይወሰን ማለቱን የሚያስታውስ ሰው በሰከነ መንፈስ ሊመልስ ይችላል።

ሦስተኛው ግን ባሪያ መሸጥ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ፣ ሙስሊሞች ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥ ይፈቀዳል እንደሚሉ ይጠቅስና፣ ሰዎችን ሁሉ እንደ ወንድማማች እኩል አድርጎ ከፈጠረ አምላክ እንዲህ ያለ ሕግ ሊመጣ አይችልም ብሎ ይፈርዳል። የመንጌ ልጅ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ እንደ ሐረሩ ወይም እንደ ጅማው ልጅ በቀላሉ ገልጦ አያልፍም። ባሪያ ሆኖ የተሸጠው የእሱ ሕዝብ ነዋ!

ታሪኩን እናስታውስ። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዐሊ ከ1820 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት የፈለገው ወርቅና ለወታደርነት የሚሆን ባሪያ ነበር፤ በልጁ በኢስማዒል የተመራው ጦርም ወርቁን ፍለጋ እስከ ፋዞግሊና እስከ ቤኒሻንጉል አቅጣጫ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ የተነጠቀ ሰው ወደ ሱዳንም ወደ መሃል አገርም ሲነዳ ኖረ። ምድሪቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በራስ መኮንን ዘመቻ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባም ነገሩ አልቆመም፤ ከባላባቶቹ በግብር ከሚጠየቀው ውስጥ ወርቅና ባሪያ ነበሩበት። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ ሐጂ አሕመድ በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ ባሳተሙት ጥናት ንግዱ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መዝለቁን አሳይተዋል። የአሶሳው ገዥ የሼኽ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና ወደ ሱዳን በሚሄደው ንግድ ውስጥ እንደነበሩበት በታሪክ ተጽፏል። ፈንጋዮቹ ከውጭ የመጡ ብቻ አልነበሩም። ሰላት የሚሰግዱ፣ ስማቸው እንደ እኛ ስም የሆነ የአገሩ ሰዎችም ነበሩባቸው።

ለዚህ ገጽ የሚሰጡ ፈጣን መልሶች አሉ። አንደኛው «ክርስቲያኑስ?» የሚለው ነው። እውነት አለው። ፍትሐ ነገሥትም ባርነትን ፈቅዶ ነበር፤ በመሃል አገር በየመኳንንቱ ቤት ባሪያ ሞልቶ ነበር፤ ሻጩ ሙስሊም ነጋዴ ቢሆን ገዥው ክርስቲያን ጌታ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ጣቱን በሻጩ ላይ ብቻ ቀስሮ ገዥውን በዝምታ ማለፉ የመጽሐፉ ጉድለት ነው እንላለን። ነገር ግን የጎረቤት ጥፋት የራስን አያጥብም። ሁለተኛው መልስ «መጽሐፉን የጻፈው ሚሲዮናዊ ስለሆነ ስም ለማጥፋት ነው» የሚለው ነው። ይህኛው እንዲያውም ነገሩን ያከብደዋል። ጽሑፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሆነ ወቀሳው የቆየ ነው። የ1850ዎቹ ሥራ ከሆነ ግን የተጻፈው የቤኒሻንጉል ሰው ታስሮ ይነዳ በነበረበት በዚያው ዘመን ነው። በየትኛውም ቢሆን ከጥያቄው ማምለጫ የለም።

ሦስተኛው መልስ ከሃይማኖታችን ውስጥ የሚመጣ ነው፤ የሚያረካውም እሱ ነው፣ በሙሉ ከተነገረ። ሱረቱል በለድ ሰው ሊወጣው የሚገባውን አስቸጋሪ ዳገት ሲናገር መጀመሪያ የሚጠቅሰው ባሪያን ነፃ ማውጣት ነው። ከዘካ ስምንት መክፈያዎች አንዱ ለዚሁ ተመድቧል። የልዩ ልዩ ጥፋቶች ከፋራም ይኸው ነው። በእምነቱ ምክንያት በመካ አሸዋ ላይ የተሠቃየውን ሐበሻዊውን ቢላልን (ረ.ዐ) አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ አወጡት፤ ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያለውም እሱ ነው። በሩ ሁሉ ወደ ውጭ የሚከፈት ቤት ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሙስሊም ነጋዴ በቤኒሻንጉል ያን ያህል ዘመን ሰው ሲሸጥ እንዴት ኖረ? ዐሊሞቹስ ምን ይሉ ነበር?

ከዐሊሞቹ አንዱን በስም እንጥራ። የቲምቡክቱው አሕመድ ባባ ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር በዕድሜ የተደራረቡ፣ በ1627 እ.ኤ.አ. ያረፉ ፈቂህ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በሞሮኮ ጦር ተማርከው በማራኬሽ ዓመታትን አሳልፈዋል። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ከበረሃው ከቱዋት ከጥቁሮች አገር ስለሚመጡ ባሮች ተጠይቀው በ1615 ገደማ መልስ ጻፉ። ጥቁርነት የባርነት ምክንያት አይደለም፤ ሙስሊም የሆነ ሰው ከየትም ይምጣ ባሪያ ሊሆን አይችልም፤ «ከሙስሊም አገር ነኝ» ያለም ቃሉ ሊሰማ ይገባል አሉ። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ቃል ነበር። ይሁን እንጂ ወሰን ነበረው፤ በክህደት የተማረከን ባሪያ ማድረግን አልነኩትም። ለጉሙዙና ለኮሞው ከዚያ ፈትዋ የሚደርሰው ከለላ የለም። ዘርዐ ያዕቆብ የተሻገረው ይህችን ድንበር ነው። እኩልነቱን ያቆመው በእምነት ሳይሆን በመፈጠር ላይ ነው፤ እሱ ሲጽፍ ከአሕመድ ባባ መልስ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ዛሬ የሙስሊሙ ዓለም ዑለማእ የሰውን ልጅ መሸጥና መግዛት ሐራም መሆኑን ይናገራሉ፤ በቤኒሻንጉልም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ባርነት በ1942 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ በሕግ ፈጽሞ ተከልክሏል።

ስለዚህ የመንጌው አባት ልጁን «ይህን መጽሐፍ አታንብብ» ማለቱ አያዋጣውም። በዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሎጂክ ይማራል፤ ጥያቄው በመጽሐፏ በኩል ባይመጣ በሌላ ይመጣል። በኸልዋ ሎሕ ይዞ ያደገ ልጅ ቁርኣኑን በቃሉ ይዞ ሳለ፣ ለምን እንደሚያምን ተጠይቆ የማያውቅ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ነፋስ ያናጋዋል። አብሮ ማንበቡ ይሻላል። ስለ ፈጣሪ የሚናገረውን ክፍል ሲያነቡ አባት የኢብራሂምን (ዐ.ሰ) ታሪክ ያንሣ። ወሕይን የሚመዝንበት ቦታ ሲደርሱ «እዚህ ላይ እንለያያለን፤ ምክንያታችንም ይህ ነው» ይበል። ምክንያቱን ካላወቀው ወደ ሼኹ ሄዶ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ አንባቢ ስለሚዘነጋት ስለ ኂሩት አንድ ነገር እንበል። ኂሩት በሀብቱ ቤት የምታገለግል ገረድ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ቢጠይቅ ጌታዋ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ አገልጋይ ትሁን» አለው። እሱ ግን አገልጋይ አልፈልግም፣ ሚስት እንጂ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለና የእሷን ፈቃድ ጠየቀ። ባርነትን በክርክር ብቻ ሳይሆን በቤቱም ነቅፎታል ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሴት አገልጋዩን አስተምሮ፣ ነፃ አውጥቶ ላገባት ሰው እጥፍ ምንዳ እንዳለው ማስተማራቸውን የሚያውቅ ሙስሊም በዚህ ገጽ ላይ ባዕድ አይሆንም።

ስለ ባሪያ ንግዱ የተጻፈው ገጽ ሲነበብ ግን የመንጌው አባት ሼኹ ዘንድ ከመሄዱ በፊት በቤት ውስጥ ያሉትን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ እንወዳለን። ከአዋጁ ወዲህ ያለፈው ከሰማንያ ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚናገሩ እናቶችና አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቅድመ አያቱ የተሸጠበትና ቅድመ አያቱ የሸጠ ዛሬ በአንድ መስጊድ፣ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቢሰግዱ የሚገርም አይደለም። ልጁ «የእኛ ቤት ከየትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከመጽሐፏ አይገኝም፤ ፓሪስ ካለው ብራናም አይገኝም። ጥያቄውን ሰምቶ ዝም የሚል ሽማግሌ ይኖራል፤ አንዳንዱም «ኑ ተቀመጡ» ብሎ ይጀምር ይሆናል።